ያዝ ለቀቅ የሚል የላፕቶፕ ኃይል መቀበያ፤ ጉድለቱን ስለ መፈለግና ስለ መጠገን

በአሁኑ ጊዜ ብዙ ነጋዴ ሒሳቡን፣ የደንበኞቹን ዝርዝር፣ ከባንክና ከአቅራቢዎቹም ጋር የሚጻጻፈውን ደብዳቤ ሁሉ በላፕቶፕ ይዞ ይሠራል። ይህ መሣሪያ ከሚያመጣቸው ችግሮች መካከል ባለቤቱን እጅግ የሚያደክመው ፈጽሞ የሞተው ሳይሆን ያዝ ለቀቅ የሚለው ነው። የሞተ መሣሪያ በዚያው ቀን ለጠጋኝ ይሰጣል፤ ያዝ ለቀቅ የሚለው ግን ባለቤቱን ያለማምደዋል። ገመዱን ወደ ግራ ቢያጣምሙት ይሠራል፤ ከሥሩ በታጠፈ ካርቶን ቢደግፉት ይሠራል፤ እንዲህ እየተባለ ወራት ያልፋሉ። በመጨረሻም የወሩ የግብር ማስታወቂያ በሚቀርብበት ወይም የጨረታ ሰነድ በሚያስገቡበት ሰዓት ካርቶኑም ማጣመሙም አይረዱም፤ ባትሪውም በዚያው ያልቃል።

ከዚህ ጉድለት የሚመጣው ትልቁ ኪሳራ የጥገናው ዋጋ አይደለም፤ ጉድለት የሌለበትን ዕቃ አውጥቶ መለወጥ ነው። ምልክቱ አንድ ነው፤ ይኸውም ኃይል መግባቱን የምታሳየው ምልክት በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ትታያለች፣ ትጠፋለች። መነሻው ግን ከግድግዳው ሶኬት አንሥቶ እስከ ማዘርቦርዱ ድረስ ባለው መንገድ ላይ የትም ሊሆን ይችላል። ቸኩሎ የሚወስን ሰው አስቀድሞ አዲስ ቻርጀር ይገዛል፤ ቀጥሎ ባትሪ ይለውጣል፤ በሦስተኛው ‹‹ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል›› ተብሎ ይነገረዋል። ይህ ሁሉ ወጪ ሲወጣ ጉድለቱ የነበረው ምናልባት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ሽቦ ወይም በአንድ በተሰነጠቀ ብየዳ ላይ ይሆናል። ስለዚህ የፍለጋው ሥርዓት ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ምንም ከማያስወጣው ፈተና ወደሚያስወጣው እየተራመዱ መሄድ ነው።

ንክኪ ሲላላ

በላፕቶፑ ጎን የሚገኘውና ጠጋኞች ‹‹ፓወር ጃክ›› የሚሉት የኃይል መቀበያ በመሠረቱ እጅግ ቀላል ነገር ነው። የቻርጀሩ ጫፍ ሲገባበት በውስጡ ያለች ስስ የብረት ሞላ ጫፉን ጨብጣ ትይዛለች፤ ኤሌክትሪኩም በዚያች በምትነካካው ጠባብ ቦታ በኩል ያልፋል። ሞላዋ ከደከመች፣ ወይም ንክኪው ላይ ቆሻሻና ዝገት ከተቀመጠ፣ ወይም መቀበያውን ከማዘርቦርዱ ጋር ያያዘው ብየዳ ከተሰነጠቀ፣ መንገዱ ይጠባል።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። የ65 ዋት ቻርጀር በ19.5 ቮልት ሲሠራ እስከ 3.33 አምፔር ድረስ ይሰጣል። በላላው ንክኪ ላይ ግማሽ ኦም የሚያህል እንቅፋት ቢፈጠር፣ የአምፔሩ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ እንደ ገና በግማሽ ኦሙ ሲባዛ 5.5 ዋት ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ኃይል ከሩዝ ፍሬ በማትበልጥ ቦታ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በመቀበያው ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ የሚጠቁረውና የሚቀልጠውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ሞላዋን ይበልጥ ያደክማታል፤ የደከመችው ሞላ የባሰ ሙቀት ታመጣለች። እንግዲህ ያዝ ለቀቅ የሚል መቀበያ በነበረበት የሚቆይ ጉድለት አይደለም። ጫፉን ነቅሎ ሲነኩት ጣትን የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም የፕላስቲክ ቃጠሎ ሽታ ከተሰማ፣ መሣሪያው በዚያው ሰዓት ከኃይል ተለይቶ ሳይጠገን ዳግመኛ መሰካት የለበትም።

ከውጭ ወደ ውስጥ

የመጀመሪያው ፈተና የግድግዳው ሶኬት ነው። በአገራችን ገበያ ከሚሸጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ያገለገሉና ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጡ ስለ ሆኑ፣ ስፒናቸው ባለ ሦስት ወፍራም ጥርስ ወይም ባለ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ይሆንና ለእኛው ክብ ቀዳዳ መለወጫ ይደረግለታል። ርካሽ መለወጫ ደግሞ ራሱ የላላ ነው። ብዙ ዕቃ በአንድነት በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ቻርጀሩን ያለ ዲቫይደር፣ ቢቻል ያለ መለወጫ፣ በሌላ ክፍል በሚገኝ ሶኬት ላይ ሰክቶ ማየት ይገባል። ‹‹የመብራቱ ኃይል ከአሜሪካው ስለሚበልጥ ነው›› የሚለው ወሬ ግን ብዙውን ጊዜ መሠረት የለውም፤ በላፕቶፕ ቻርጀሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበሉ ተጽፎ ይገኛል፤ የአገራችንም 220 ቮልት በዚያ ውስጥ ነው።

በቻርጀሩ ሳጥን ላይ ትንሽ መብራት ካለች እርስዋ ጥሩ ምስክር ናት። ላፕቶፑ ኃይል ሲያጣ እርስዋም አብራ የምትጠፋ ከሆነ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ ከሳጥኑ ወዲህ፣ ማለት በሶኬቱና ከግድግዳው በሚመጣው ገመድ በኩል ነው። ይህ ገመድ ተነቅሎ በሌላ ሊተካ ስለሚችል ጥገናው ቀላል ነው። ሆኖም በጫፉ ውስጥ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተው ኃይሉ በአቋራጭ ሲያልፍም መብራቷ ትጠፋለች፤ ስለዚህ ጫፉን ከላፕቶፑ ነቅሎ መብራቷ ተመልሳ መብራት አለመብራትዋን ማየት ያስፈልጋል። መብራቷ ሳትናወጥ እየበራች ላፕቶፑ ያዝ ለቀቅ የሚል ከሆነ ግን ፍለጋው ወደ ፊት ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚጠቅመው ፈተና በእጅ የሚደረገው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱን እንቅስቃሴ ስለሚቀላቅል መልሱን ያጣዋል። በመጀመሪያ ጫፉን በአንድ እጅ ከመቀበያው ጋር አጽንቶ ይዞ ምንም እንዳይነቃነቅ ማድረግ፣ በሌላው እጅ ገመዱን ብቻ ከጫፉ አንገት አጠገብ፣ ቀጥሎም ከሳጥኑ አንገት አጠገብ ቀስ እያሉ ማጠፍ ነው። ኃይሉ በዚህ ጊዜ ከተቋረጠ ሽቦው በውስጥ ተበጥሷል፤ ላፕቶፑ ምንም በደል የለበትም። ሽቦው የሚበጠሰው ዘወትር በሚታጠፍበት በእነዚህ ሁለት አንገቶች ነው፤ ከላይ ያለው ጎማ ደኅና መስሎ መታየቱ ማስረጃ አይሆንም። በሁለተኛው ፈተና ገመዱ ተይዞ ጫፉ ራሱ በመቀበያው ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች በጥቂቱ ይነቃነቃል። ኃይሉ በዚህኛው ከተቋረጠ ጥርጣሬው በጫፉና በመቀበያው ላይ ይወድቃል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ቮልቱ እኩል የሆነ፣ አምፔሩም የማያንስና ጫፉ በትክክል የሚገጥም ሌላ ቻርጀር ከባልደረባ ተውሶ መሞከር ይበቃል። በተዋሰው ቻርጀርም ጉድለቱ ያው ከሆነ መቀበያው ራሱ ተገኘ ማለት ነው።

መልቲሜትር ያለው ሰው በመለኪያው እንዳይታለል ሊጠነቀቅ ይገባል። የቻርጀሩ ጫፍ ከላፕቶፑ ተነቅሎ ሲለካ 19.5 ቮልት ሙሉ ሆኖ ይገኝና ‹‹ቻርጀሩ ደኅና ነው›› ይባላል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት በሽቦው ውስጥ የሚያልፍ ኃይል ስለሌለ ግማሽ ኦም የሆነው እንቅፋት ምንም አይታይም። ያው ሽቦ 3.33 አምፔር ሲሸከም ከ1.6 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ ደግሞ ከዚህም የባሰ ያጣል። መለኪያው አልዋሸም፤ የተመለሰው ግን ላልተጠየቀው ጥያቄ ነው። እውነተኛው ልኬት ላፕቶፑ እየሠራ፣ ባትሪውም እየሞላ ሳለ የሚወሰደው ነው፤ ይህም መሣሪያው ተከፍቶ ስለሚደረግ የጠጋኝ ሥራ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ላፕቶፑ በኃይሉ እየሠራ ባትሪው ግን አይሞላም። በዴልና በኤችፒ መቀበያዎች መካከል የምትታየው ቀጭን መርፌ፣ በሌኖቮም ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ መካከል ያለችው እንዲሁ፣ ዋናውን ኃይል የምታሳልፍ ሳትሆን ስለ ቻርጀሩ ማንነት የምትናገር ናት። በዴል ቻርጀር ውስጥ የዋቱ መጠን የተመዘገበባት ትንሽ የመረጃ ቁራጭ ትገኛለች፤ በሌኖቮ ደግሞ ይኸው ነገር በአንዲት ሬዚስተር መጠን ይገለጻል። የዴል ላፕቶፕ ይህን መልእክት ሳያገኝ ሲቀር የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ እንዳልቻለ በስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ባትሪውን መሙላት ይተዋል፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ባለቤቱም ‹‹ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ዘገየ፤ ባትሪውም ሞተ›› ብሎ ሁለት በሽታ ይቈጥራል፤ ሁለቱም ግን የአንዲት የተጣመመች መርፌ ወይም የአንድ ቀጭን ሽቦ ሥራ ናቸው። ባትሪው ዘወትር በ80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች በሆነ በአንድ ልክ ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ጉድለትም ላይሆን ይችላል፤ የባትሪውን ዕድሜ ለማቆየት ሲባል በላፕቶፑ ማስተካከያ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ የሚደረግበት ጊዜ ስላለ አስቀድሞ እርሱን ማየት ይገባል።

ስለ ዩኤስቢ ሲ

እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ሥርዓቱ የወጣው ዩኤስቢ ሲ የሚባለው ሞላላ መቀበያ በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ የክቡን ቦታ እየወሰደ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በግዛቱ የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች ከ2026 ዓ.ም. ኤፕሪል 28 ቀን ጀምሮ በዚሁ እንዲሞሉ በሕግ ስለ ወሰነ፣ ላፕቶፕ የሚያስመጡም ሆኑ የሚጠግኑ ነጋዴዎች አጠባበቁን ማወቅ ይኖርባቸዋል።

የዚህ መቀበያ ጠባይ ከክቡ ይለያል። በውስጡ 24 ንክኪዎች አሉት፤ እነርሱም ውፍረቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰች ምላስ ላይ በሁለት ወገን የተደረደሩ ናቸው። ከሁሉ የሚለየው ግን ኃይል ከመሰጠቱ በፊት ቻርጀሩና ላፕቶፑ የሚነጋገሩ መሆናቸው ነው። ቻርጀሩ አስቀድሞ 5 ቮልት ብቻ ያቀርባል፤ ከተስማሙ በኋላ ወደ 9፣ ወደ 15 ወይም ወደ 20 ቮልት ከፍ ያደርጋል። ንግግሩ የሚተላለፍባት አንዲት ንክኪ በብናኝ ብትሸፈን፣ ወፍራሞቹ መንገዶች ሁሉ ደኅና ሳሉ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ወይም ላፕቶፑ እጅግ በዝግታ ይሞላል። ምንም ያልተሰካበት ቻርጀር ከጫፉ ላይ አንዳች ቮልት ስለማይሰጥ፣ በመልቲሜትር ለክቶ ባዶ ያገኘ ሰው ደኅናውን ቻርጀር ሊጥለው ይችላል። ለዚህ የሚሆነው በኬብሉና በላፕቶፑ መካከል የሚገባው፣ ቮልቱንና አምፔሩን በሥራ ላይ ሳሉ የሚያሳየው ትንሽ የዩኤስቢ ሲ መለኪያ ነው።

የዩኤስቢ ሲ ያዝ ለቀቅ ማለት አንዳንድ ጊዜ ያለ ምንም ወጪ ይድናል። ከቦርሳና ከኪስ የሚገባው ጉድፍ በመቀበያው ጥልቀት ተጠቅጥቆ ጫፉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይከለክላል። ላፕቶፑ ጠፍቶ ቻርጀሩም ተነቅሎ ሳለ፣ በጠራ ብርሃን እያዩ በቀጭን የእንጨት ስቴኪኒ ቀስ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። መርፌና የወረቀት መያዣ ሽቦ ግን ምላሷን ስለሚሰብሩና ንክኪዎቹን ስለሚያገናኙ አይነኩም፤ በአፍ እፍ ማለትም እርጥበት ያስገባል። ሁለት መቀበያ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ በሁለተኛው መሞከር፣ ኬብሉንም ገልብጦ መሰካት ይጠቅማል፤ በአንድ ወገን ሠርቶ ሲገለበጥ እንቢ ካለ ንክኪዎቹ በአንዱ ረድፍ ላይ መጎዳታቸውን ይጠቁማል።

ጥገናው

ጉድለቱ በቻርጀሩ ገመድ ላይ ከሆነ ላፕቶፑ አይከፈትም። የተጎዳው አንገት በሁለቱም ወገን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ ይቆረጣል፤ ደኅናው ሽቦ ከደኅናው ጋር ይበየዳል፤ ወይም ጫፉ ከነገመዱ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ተገዝቶ ይቀጠላል። በክብ ጫፍ ገመድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ መካከለኛው ሽቦና በዙሪያው የተጎነጎነው ሽቦ አሉ፤ በዴልና በኤችፒ ደግሞ ሦስተኛው ቀጭን ሽቦ ይጨመራል። እያንዳንዱ ለየብቻው መሸፈን አለበት፤ መጋጠሚያዎቹም ትይዩ እንዳይሆኑ አንዱ ከሌላው ፈቀቅ ብሎ ይበየዳል። ከዚያም ላፕቶፑ ላይ ከመሰካቱ በፊት የትኛው አዎንታዊ፣ የትኛው አሉታዊ እንደ ሆነ በመልቲሜትር ተለክቶ በሳጥኑ ላይ ከተሳለው ምልክት ጋር መመሳከር አለበት። የተበጠሰውን ሽቦ በፕላስተር ጠምጥሞ መተው ጉድለቱን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። የቻርጀሩ ሳጥን ራሱ ግን አይከፈት፤ በውስጡ 220 ቮልቱ ተለውጦ 310 ቮልት ያህል የሚጠራቀምበት ዕቃ ስላለ፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሰውን ሊመታ ይችላል።

ጉድለቱ በመቀበያው ላይ ከሆነ ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መቀበያው በአጭር ሽቦ የተንጠለጠለ ነው ወይስ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ የሚለው ነው። በብዙ የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ሞዴሎች ላይ ክቡ ወይም ባለ አራት ማዕዘኑ መቀበያ በራሱ ሽቦ ጫፍ ላይ ሆኖ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ነው። እንዲህ ከሆነ ጠጋኙ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ባትሪውን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ይሰካል፤ ብየዳ የሚባል ነገር የለበትም። የዚህን ሥራ ዋጋ ከብየዳ ጋር እኩል መክፈል አይገባም።

የተበየደው ዓይነት ግን እጅ ይጠይቃል። ጫፉ በተሰካበት ላፕቶፑን ማንሣት፣ በሶፋ ላይም አስቀምጦ ገመዱን ወደ ታች መጫን፣ ጫፉን እንደ ዘነግ ያደርገዋል፤ ግፊቱም ሁሉ በመቀበያው እግሮች ላይ ያርፋል። በጊዜ ብዛት በእግሮቹ ዙሪያ ያለው ብየዳ እንደ ቀለበት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በማጉያ መነጽር ይታያል። ሞላዋ ደኅና ከሆነች አሮጌውን ብየዳ አጽድቶ እንደ ገና መበየድ ይበቃል። ከ2006 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ወዲህ የአውሮፓ ገበያ ሕግ እርሳስን ስለ ከለከለ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ የሚገኘው ብየዳ በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ እርሱም የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ የቀድሞው እርሳስ ያለበት ብየዳ ግን በ183 ዲግሪ ይቀልጥ ነበር። ማዘርቦርዱ ውስጥ ያሉት ሰፋፊ የመዳብ ንጣፎች ደግሞ ሙቀቱን ስለሚጠጡት፣ አቅም የሌለው የብየዳ ብረት የያዘ ሰው ብየዳው ሳይቀልጥ መቀበያውን መጎተት ይጀምራል። በዚያን ጊዜ የቀዳዳው የመዳብ ሽፋን ተነቅሎ ይመጣል፤ በጥቂት ብር ሊድን የነበረው ማዘርቦርድ እውነተኛ ሕመምተኛ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ጥሩ ባለሙያ ፍላክስ የሚባለውን ቅባት ይቀባል፤ ጥቂት አዲስ ብየዳ ጨምሮ አሮጌውን ያለዝባል፤ እግሮቹ ሁሉ ነጻ ሳይወጡ አይጎትትም። የዩኤስቢ ሲ መቀበያ ንክኪዎች ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ እየተራራቁ የተደረደሩ ስለ ሆኑ በሙቅ አየር መሣሪያና በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ በሌሉበት ሱቅ ሥራውን መስጠት አይገባም።

ላፕቶፑ ሲከፈት ባትሪው ያበጠ ሆኖ ከተገኘ የመቀበያው ጥገና ይቆይ፤ ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ሳይጫኑት፣ ሳይወጉት ወጥቶ በሌላ መተካት አለበት።

ላፕቶፑን ለጥገና የሚሰጠው የንግድ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ በላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሒሳብና ሰነድ በሌላ ቦታ ይገልብጥ። ቀጥሎም በየትኛው ፈተና ኃይሉ እንደ ተቋረጠ በወረቀት ላይ ጽፎ ከመሣሪያው ጋር ይስጥ፤ ጉድለቱ ያዝ ለቀቅ ስለሚል በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ሊሠራ ይችላልና። የተለወጠው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስለትም አስቀድሞ ይነጋገር። ርክክቡ ሲሆን ባትሪው ከግማሽ በታች የወረደ ቢሆን ይመረጣል፤ ሙሉ ባትሪ ከቻርጀሩ የሚስበው ኃይል አነስተኛ ስለ ሆነ ደካማውን ንክኪ አይፈትነውም። ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ቪዲዮ የመሰለ ከባድ ሥራ ተከፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። በዚያ መካከል ጫፉ በሁሉም አቅጣጫ በጥቂቱ ይነቃነቅ፤ በመጨረሻም ተነቅሎ በጣት ይዳሰስ። ለብ ያለ ሙቀት የተለመደ ነው፤ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ሥራው ስላላለቀ መሣሪያው ለጠጋኙ ይመለስ።